ማራገቢያው ለምን ይጮኻል? ሙቀት ከኮምፒውተር የሚወጣበት መንገድ

ኮምፒውተር መጮኽ ሲጀምር ጣት የሚቀሰረው ማራገቢያው ላይ ነው። ድምፁ ከእርሱ ስለሚወጣ “ፋኑ ተበላሽቷልና ይቀየር” ማለት ይቀናናል። ይሁን እንጂ ማራገቢያ የሚጮኽባቸው ሁለት በጣም የተለያዩ ምክንያቶች አሉ፤ አንደኛው ራሱ ሲታመም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ወደ እርሱ የሚደርስበት ወይም ከእርሱ የሚወጣበት መንገድ ስለተዘጋ ያለ ዕረፍት እንዲሮጥ ሲገደድ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ማራገቢያውን መቀየር ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚፈይደው ነገር የለም፤ አዲሱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ አሮጌው መጮኹ አይቀርም። ሁለቱን ለመለየት ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ በምን በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ክፍል፣ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ስሌቱን ሠርቶ ውጤቱን ቢሰጠንም ውጤቱ ይህ ነው የሚባል ኃይል ይዞ አይወጣም፤ ስለዚህ 100 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር 100 ዋት ሙቀት ያመነጫል። 100 ዋት ብቻውን ብዙ አይደለም፤ አንድ የቀድሞ ዓይነት አምፖል የሚወስደው ያህል ነው። ነገሩን የሚያከብደው የቦታው ጥበት ነው። ዲያሜትሩ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነና 1,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምድጃ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ዋት ገደማ ይለቃል። ያው 100 ዋት 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ሲሊከን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌቱ ከሚካሄድበት ቁራጭ) ሲወጣ ግን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 66 ዋት ያህል ይሆናል፤ ይህም ከምድጃው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ምድጃው እስኪቀላ ቢግል ማንም አይከፋውም፤ ከፕሮሰሰሩ የሚጠበቀው ግን ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ መሥራት ነው።

ታዲያ ይህን ትንሽ ነገር በማራገቢያ ብቻ ማቀዝቀዝ ለምን አይቻልም? አየር ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ነው። መዳብ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ ከረጋ አየር ጋር ሲነጻጸር 15 ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል። አየር ከአንድ ገጽ ላይ ሙቀት ይዞ የሚሄደው በሦስት ነገሮች ልክ ነው፤ እነዚህም የገጹ ስፋት፣ በገጹና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ እንዲሁም አየሩ የሚያልፍበት ፍጥነት ናቸው። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የብረት ክዳን 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንና ከአየሩ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ማራገቢያ በቀጥታ እየነፋበት እንኳ የሚሄድለት ሙቀት ጥቂት ዋት ብቻ ነው። የሙቀት ልዩነቱን ማሳደግ ማለት ፕሮሰሰሩን ማቃጠል ነው፤ ፍጥነቱን ማሳደግ ማለት ጩኸት ነው። የቀረው ምርጫ ስፋቱን ማሳደግ ብቻ ይሆናል።

ሂትሲንክ እየተባለ የሚጠራው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ሥራው ይኸው ነው። ሙቀትን አያጠፋም፣ ቅዝቃዜም አያመነጭም፤ የጠበበውን ምንጭ አስፍቶ ለአየር ያስረክባል። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ሂትሲንክ እያንዳንዳቸው 12 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 50 ክንፎች ቢኖሩት፣ የክንፎቹ ሁለቱም ፊት ሲቆጠር 6,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የ10 ኤ4 ወረቀቶችን ስፋት ያህላል። ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጠው ሲሊከን በዚህ መንገድ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ገጽ ያገኛል ማለት ነው። ክንፎቹ ደግሞ እንደ ልብ ሊቀራረቡ አይችሉም፤ ከመጠን በላይ ሲጠጋጉ አየር በመካከላቸው ለማለፍ ስለሚቸገር በስፋት የተገኘው በፍጥነት ይታጣል፤ አቧራም ቶሎ ይደፍናቸዋል።

ስፋቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሙቀቱ ከመካከል እስከ ክንፎቹ ጫፍ መድረስ አለበት። ፕሮሰሰሩን የሚነካው መቀመጫ ብዙ ጊዜ ከመዳብ፣ ክንፎቹ ደግሞ ከአሉሚኒየም የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም በእጥፍ ለመጠጋት በሚበቃ ልዩነት ሙቀት ያስተላልፋል፤ ክብደቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ በተጨናነቀበት ቦታ መዳብ፣ በተበተነበት ቦታ አሉሚኒየም መጠቀም ያዋጣል። ረጅም መንገድ ሲሆን ግን መዳብም ይደክማል። ከመቀመጫው ተነሥተው ክንፎቹን ሰንጥቀው የሚያልፉት ክብ ቧንቧዎች የሚያስፈልጉት ያን ጊዜ ነው። ቧንቧዎቹ ድፍን መዳብ ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው ክፍት ነው፤ አየሩ ተመጥጦ የወጣላቸው ሲሆኑ ጥቂት ውኃ እና እንደ ፋኖስ ክር ፈሳሽ የሚስብ ቀዳዳማ ሽፋን አላቸው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ በሞቀው ጫፍ ይተናል፣ ቀዝቀዝ ባለው ጫፍ ሙቀቱን አራግፎ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ በሽፋኑ ተስቦም ወደ ተነሣበት ይሄዳል። ፓምፕ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ብረት የለም፣ ድምፅም የለም። ሐሳቡን በ1963 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ጆርጅ ግሮቨር ሠርቶ ሲያሳይ ታስቦ የነበረው ለጠፈር መንኮራኩር እንጂ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር አልነበረም።

በሰንሰለቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ መጋጠሚያ አለ፤ ይኸውም የፕሮሰሰሩ ክዳንና የሂትሲንኩ መቀመጫ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ጠጋ ተብሎ ሲታይ ጎርበጥባጣ ስለሆኑ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ይነካካሉ፤ የቀረውን ክፍተት የሚሞላው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ምን ዓይነት አስተላላፊ እንደሆነ አይተናል። ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ያን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ቅባቱ ራሱ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው፤ ምርጡ እንኳ ከመዳብ በብዙ አሥር እጥፍ ያንሳል። “ሲበዛ ይሻላል” የሚለው ልማድ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅባቱ የሚፈለገው አየሩን ለመተካት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ውፍረት በሁለቱ ብረቶች መካከል የተነጠፈ ብርድ ልብስ ይሆናል።

በዲግሪ ሲሰላ

ባለሙያዎች እያንዳንዱን የመንገዱን ክፍል የሚለኩት አንድ ዋት ሲያልፍበት ስንት ዲግሪ እንደሚያስከፍል በማስላት ነው። ለምሳሌ ያህል በኬዙ (በኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ ያለው አየር 30 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩም 100 ዋት የሚያመነጭ ይሁን። ሂትሲንኩ ለአንድ ዋት 0.2፣ ቅባቱ 0.1፣ የፕሮሰሰሩ የውስጥ አካል 0.2 ዲግሪ ቢያስከፍሉ፣ በቅደም ተከተል 20፣ 10 እና 20 ዲግሪ ይሆናል፤ በ30 ላይ ሲደመር ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ከዚህ ትንሽ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ሂትሲንክ ከአካባቢው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ እንደማይችልና ክፍሉ በ5 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ እንደሚሞቅ ነው። ሁለተኛውና ለጉዳያችን ዋናው ግን ማራገቢያው ሊያሻሽለው የሚችለው ከሦስቱ አንዱን ብቻ መሆኑ ነው። ቅባቱ ደርቆ ድርሻው ከ10 ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ቢል ፕሮሰሰሩ 95 ይደርሳል፤ የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መቆጣጠሪያ ይህን አይቶ ማራገቢያውን ያስሮጣል፤ ማራገቢያው ግን የቱንም ያህል ቢሮጥ የደረቀውን ቅባት ሊያረጥበው አይችልም።

መሮጡ ደግሞ በድምፅ የሚከፈል ነው። የአንድ ማራገቢያ ዙር በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው አየር እጥፍ ይሆናል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ድምፁም 15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ ድምፁ እጥፍ የጎላ ያህል ስለሚሰማው፣ 15 ዴሲቤል ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጩኸት ነው። በአንጻሩ በተመሳሳይ ዙር የሚሠራ ሁለተኛ ማራገቢያ መጨመር ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው በዝግታ የሚዞር ባለ 120 ወይም ባለ 140 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ በፍጥነት ከሚዞር ባለ 80 ሚሊ ሜትር ይሻለዋል፤ አንድ ከሚሮጥ ይልቅም ሁለት የሚራመዱ ይመረጣሉ። እግረ መንገዳችንን፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ያው ማራገቢያ በዚያው ዙር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል፤ በደጋ የሚሠራ ኮምፒውተር ትንሽ ቢጮኽ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

ጥፋቱን መፈለግ

ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ተገቢ ነው። ምንም ሳንሠራበት የሚጮኽ ከሆነ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ከፍቶ ፕሮሰሰሩን የያዘው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ያልተዘጋ የድረ ገጽ መስኮት፣ ከጀርባ የሚካሄድ ማሻሻያ፣ ወይም ሳናውቀው የገባ ጎጂ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሂትሲንኩም ማራገቢያውም ሥራቸውን በአግባቡ እየሠሩ ነውና ካቻቢቴ ማንሣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የድምፁን ዓይነት ማዳመጥ ነው። ሽው የሚል የነፋስ ድምፅ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማራገቢያው ደኅና ነው፤ የሚሮጥበትን ምክንያት መፈለግ ይቀራል። የሚፈጭ፣ የሚንኳኳ ወይም በተለይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚንጫጫ ድምፅ ግን የኩሽኔታ ማለቅ ምልክት ነው። በእኩል ልዩነት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ መቅዘፊያው የሚነካው ሽቦ ነው። እኔም አንድ ጊዜ አዲስ ማራገቢያ ገዝቼ ከገጠምኩ በኋላ ድምፁ ሳይለወጥ ቀርቶ፣ ጥፋተኛው ቦታውን የለቀቀ አንድ ቀጭን ሽቦ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኬዙን ጎን በእጅ ሲጫኑት የሚጠፋ ጉምጉምታ ደግሞ ከላላ ብሎን ወይም ከሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ የሚመጣ ነው። እንደ ትንኝ የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ፣ በተለይ ጨዋታ ሲከፈት የሚነሣ ከሆነ፣ ከማራገቢያ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በግራፊክስ ካርዱ (ምስል በሚሠራው ሰሌዳ) ወይም በፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ በሚያድለው ሳጥን) ውስጥ ያሉ የሽቦ ጥቅሎች በኤሌክትሪክ ሲንቀጠቀጡ የሚሰጡት ድምፅ ነውና ጽዳትም ቅባትም አይፈታውም። በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ለመለየት ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ፣ ሌላውን ወደተጠረጠረው ቦታ ማስጠጋት ይበቃል፤ የወረቀቱ ጫፍ ከሚዞረው መቅዘፊያ ራቅ ይበል።

ማራገቢያው ደኅና ሆኖ የሚሮጥ ከሆነ ከሁሉ የሚጠቅመው ምርመራ ሁለት ሙቀቶችን ማነጻጸር ነው፤ አንደኛው ፕሮሰሰሩ በውስጡ ባለው መለኪያ የሚናገረው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሂትሲንኩ ራሱ ያለው ሙቀት ነው። የመጀመሪያውን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ) ወይም ነጻ የመለኪያ ፕሮግራም ያሳያል። ሥራ በማይበዛበት ጊዜ ከ35 እስከ 50፣ በከባድ ሥራ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች የሚገኙበት ነው፤ ወደ 100 ሲጠጋ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሁለተኛውን ለማወቅ ኮምፒውተሩን ለ10 ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋትና ከመሰኪያው መንቀል፣ ከዚያም ወዲያውኑ የሂትሲንኩን ክንፎች በጥንቃቄ መንካት ነው፤ ጫፎቻቸው ስለታም እንደሆኑና ሊያቃጥሉም እንደሚችሉ ሳይዘነጋ። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ እያለ ሂትሲንኩ ለብ ብቻ ካለ፣ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አልተሻገረም ማለት ነውና ቅባቱ ደርቋል፣ ወይም የሂትሲንኩ ማያያዣ በአንድ ጥግ ለቋል። ሁለቱም የሚፋጁ ከሆነ ሙቀቱ ብረቱ ድረስ ደርሶ አየር አጥቷል፤ አቧራ፣ የተዘጋ መውጫ ወይም በተቃራኒ አቅጣጫ የተገጠመ ማራገቢያ ይፈለግ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ሆነው ማራገቢያው የሚያገሣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የቁጥጥር ነው፤ ለምሳሌ ባለ ሦስት ሽቦ ማራገቢያ ለባለ አራት ሽቦ በተስተካከለ መሰኪያ ላይ ሲሰካ ዙሩን የሚቆጣጠረው ስለሌለ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ይህ በባዮስ ውስጥ የመቆጣጠሪያውን ዓይነት ወደ ቮልቴጅ በመቀየር ይፈታል።

አቧራ ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ መነቀል አለበት። በታመቀ አየር ሲነፋ መቅዘፊያው በጣት ተይዞ መቆም ይኖርበታል፤ ካልተያዘ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክሮ ኩሽኔታውን ሊጎዳ፣ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። የቤት ምንጣፍ የሚጸዳበትን አቧራ መምጠጫ በሰሌዳዎቹ ላይ ማስጠጋት አይመከርም፤ በአፉ ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስስ የሆኑ ክፍሎችን ያበላሻል። በላፕቶፕ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ማራገቢያው አየር የሚስበው ብዙ ጊዜ ከሥር ስለሆነ አልጋ ወይም ትራስ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ሊያስጮኸው ይበቃል። አቧራውም በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል እንደ ጥጥ ንጣፍ ተጋግሮ ይቀመጣል፤ ከውጭ ሲታይ ክንፎቹ ንጹሕ ይመስላሉ። በመውጫው በኩል ወደ ውስጥ መንፋት ያን ንጣፍ መልሶ ወደ ማራገቢያው ከመግፋት የዘለለ ጥቅም የለውምና የታችኛው ክዳን ተከፍቶ ንጣፉ በእጅ መነሣት አለበት።

ቅባት የሚቀየር ከሆነ አሮጌው ከሁለቱም ገጽ በአይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ይጸዳል፤ ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ በመካከል ላይ ታርፋለች፤ ሂትሲንኩ ሲጫን ራሱ ያሰራጫታል። ብሎኖቹ የሚጠብቁት አንዱን እስከ መጨረሻ ሳይሆን በሰያፍ እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ነው፤ አለዚያ አንዱ ጥግ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ቅባት ይዞ ይቀራል። ሂትሲንኩ ከተቀመጠ በኋላ ተነሥቶ እንደገና ቢቀመጥ አየር ስለሚገባበት ቅባቱ እንደ አዲስ መቀባት አለበት።

ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ማራገቢያው በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያስቸግርበት ጊዜም አለ። ሲሊከኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ መስኮት ሲከፈት እንኳ በቅጽበት 15 ወይም 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል፤ ሂትሲንኩ ግን ከባድ ብረት ስለሆነ እስኪሞቅ ድረስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ማራገቢያው የሲሊከኑን እያንዳንዷን ዝላይ ተከትሎ ሲሮጥ ገና ያልሞቀ ብረት ላይ ይነፋል፤ ጥቅም የሌለው ጩኸት ነው። በባዮስ የማራገቢያ ገጽ ላይ ዙሩ ከመለወጡ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ ማድረግና እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በአንድ ዝግ ዙር እንዲቆይ ማስተካከል ይህን ያስታግሳል። በእኔ አመለካከት ብዙ ሰው ገንዘብ ሳያወጣ ሊያገኘው የሚችለው ትልቁ ጸጥታ ከዚህ የሚገኘው ነው፤ ጆሮ ወጥ የሆነውን ድምፅ ሲለምድ የሚለዋወጠውን አይለምድም።

ኩሽኔታው ያለቀ ማራገቢያ ግን ይቀየራል እንጂ አይታከምም። ዘይት ጠብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንት ዝም ሊያሰኘው ቢችልም፣ የተበላው ብረት ስለማይመለስ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። ሲገዛ ስፋቱ፣ ውፍረቱና የሽቦዎቹ ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ሲገጠምም አየሩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሞተሩን የሚደግፉት ዘንጎች ባሉበት ፊት በኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የሚጮኸው የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ከሆነ ግን ሳጥኑን መክፈት የባለሙያ ድርሻ ነው፤ በውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከመሰኪያው ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥገናው መሳካቱን ለማወቅ ከሥራው በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት ከባድ ሥራ ለ15 ደቂቃ ማሠራትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከማራገቢያው ዙር ጋር መመዝገብ ይበቃል። መነጻጸር ያለበት ግን ባዶው ቁጥር ሳይሆን ከክፍሉ ሙቀት በላይ ያለው ልዩነት ነው፤ በ20 ዲግሪ ክፍል 75 ያሳየ ፕሮሰሰር በ28 ዲግሪ ክፍል 80 ቢያሳይ፣ ልዩነቱ ከ55 ወደ 52 ወርዷልና ተሻሽሏል።